የንግሥተ ሳባ ማዕድ በመጽሐፍና በሥዕል

ወጥ መልካም መሆኑ የሚታወቀው በቅመሙ ብዛት አይደለም፥ በመጠኑ ነው። መጽሐፍም የሚጥመው ቃሉ ስለ በዛ ሳይሆን ቃሉ በየቦታው ስለ ገባ ነው፤ ሥዕልም የሚያምረው ቀለሙ ስለ ደመቀ ሳይሆን መልኩ ታሪኩን ስለ ተናገረ ነው። እነዚህ ሦስቱ፥ ማለት የጓዳ ሞያ፥ ንባብና የሰፈር ሠዓሊ ሥራ፥ ሰው በቤቱ ሳለ በየዕለቱ ደስ የሚሰኝባቸው ነገሮች ናቸው። ሊቃውንቱ ግን የፊተኛውን ለሴቶች፥ የኋለኛውን ለገበያ ትተው በመካከለኛው ብቻ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሦስቱ በአንድነት ተገናኝተው የሚመረመሩበት ታሪክ ቢፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ያቀረበው ማዕድ ይበቃል። ይህ ማዕድ በክብረ ነገሥት ተጽፏል፤ በሠዓሊዎች እጅ ተሥሏል፤ በብዙ ቤትም ከራት በኋላ ሲተረክ ኖሯል። እንግዲህ መጽሐፉ ምን እንደሚል፥ ሥዕሉም ምን እንደ ጨመረና ምን እንዳጐደለ አስተያይቶ መፍረድ ይገባል።

የመጽሐፉ ክብር ለማንም የተሰወረ አይደለም። በመጨረሻው ላይ ራሱ እንደሚናገረው ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ፥ ከዓረብኛም ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ ወደ ግዕዝ ያወጣውም ይስሐቅ ነው፤ ጊዜውም የ14ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ አንዱ ቅጂ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስለ ነበረ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጽፈው ጠየቁ፤ ያለ እርሱም ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። ቤዞልድ የሚባለው የጀርመን ሊቅ በ1905 የግዕዙን ንባብ ከጀርመንኛ ትርጓሜ ጋራ አሳተመው፤ በ1922ም በጅ የሚባለው እንግሊዛዊ ወደ ቋንቋው መለሰው። ይህን ያህል የተከበረ መጽሐፍ የታሪኩን መዞሪያ በጦር ሜዳ ወይም በሸንጎ ሳይሆን በአንድ ራት ላይ ማድረጉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ ጥበብ ለመስማት በኢየሩሳሌም ሰንብታ የመመለሻዋ ጊዜ ሲደርስ፥ ንጉሡ ወደ ግብሩ ይጠራታል። በልቡም አስቦ ውሃ የሚያስጠማ መብል፥ ሆምጣጤ የገባበት መጠጥ፥ ዓሣና በርበሬ የበዛበት ወጥ ያቀርብላታል። ሌሊቱ ሲገፋ ከዚያው እንድታድር ይለምናታል፤ እርስዋም በግድ እንዳይደርስባት ታስምለዋለች። እርሱም በበኩሉ በቤቱ ካለው ነገር አንዳች በግድ እንዳትወስድ ያስምላታል። እርስዋም በዚህ ነገር ስቃ፥ መንግሥትዋ ከእርሱ መንግሥት በሀብት እንደማያንስ፥ ገንዘብ ፍለጋም እንዳልመጣች ትመልስለታለች፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱም ይማማላሉ። ውሃው በመካከል ይቀመጣል። ንግሥቲቱ ስትነቃ ጥሙ ጸንቶባት ወደ ውሃው እጅዋን ስትዘረጋ ንጉሡ እጅዋን ይይዛታል፤ መሐላዋንም እንዳፈረሰች ይነግራታል። ውሃ በመጠጣት መሐላ ይፈርስ እንደ ሆነ ስትጠይቀው፥ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ነገር እንደሌለ ያስረዳታል። ያን ጊዜ ጥፋቱን በራስዋ ላይ ተቀብላ፥ ንጉሡንም ከመሐላው ፈትታ ትጠጣለች። ከዚህም ሌሊት ቀዳማዊ ምኒልክ ይወለዳል።

የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ ከ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በሸራና በቆዳ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። ልማዱም አንዱን ሸራ በትናንሽ ክፍል ከፍሎ፥ ብዙውን ጊዜ 44 አድርጎ፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች በአማርኛ አጭር ቃል መጻፍ ነው። ሥዕሉ የሚጀምረው ግን ከክብረ ነገሥት አይደለም፤ በሌላ የታሪክ መጽሐፍና በቃል ከሚነገረው ከአርዌ ከዘንዶው ዘመን ነው። ዘንዶው ይገደላል፥ የገዳዩ ልጅ ትነግሣለች፥ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ይነግራታል፥ መንገድ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማድ ቤቱና ግብሩ፥ ሌሊቱና ውሃው ይከተላል። ስለዚህ ሥዕሉ የመጽሐፉ ግልባጭ ሳይሆን፥ መጽሐፍና የአፍ ታሪክ በአንድ ድስት የተሠሩበት ወጥ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከክፍሎቹ ሁሉ ለምስጋና የሚበቃው የማድ ቤቱ ሥዕል ነው። መጽሐፉ ምግቡ መቅረቡን እንጂ ማን እንደ ሠራው አይናገርም። ሠዓሊው ግን ወጥ ያለ ወጥ ሠሪ እንደማይገኝ ያውቃልና ሠራተኞቹን ከእሳቱ ዘንድ አቁሞ ያሳያል። ይህ ድፍረት ሊባል አይገባውም፤ የመጽሐፍ መምህር ንባቡን ከተረጐመ በኋላ ሐተታ እንደሚጨምርበት ያለ ነው። የትርጓሜ ሊቃውንት ረቂቁን ምሥጢር ለተማሪ ሲያስረዱ ምሳሌውን ከእርሻና ከጓዳ ያመጡ የለምን? ሠዓሊውም በእነርሱ መንገድ ሄዷል።

በዚህ ላይ የሥዕሉ ተመልካች የራሱን ቤት ያይበታል። ባለሞያ ሴት ሽንኩርቱን ስታቁላላ፥ በርበሬውን ጨምራ እንዳያርባት ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃ ስታበርደው፥ ቅቤውን አስከትላ በመጨረሻ መከለሻውንና ጨውን ስትመጥን ያየ ሰው የሰሎሞን ወጥ ሠሪ ምን እንዳደረገ ወዲያው ይገባዋል። ያ ወጥ ሠሪ መጠንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ታዝዞ አውቆ መጠንን አፈረሰ እንጂ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለው ተረት በዚህ ማዕድ ላይ ይገለበጣል፤ እዚህ ጨው የጣፈጠው ለራሱ ሳይሆን ለሌላው ሰው አሳብ ነውና። ይህን ለመረዳት የግዕዝ ዕውቀት አያስፈልግም፥ አንድ ቀን ወጥ የከረረባት ሴት ትበቃለች። እዚህ ላይ የጓዳ ሞያ የመጽሐፍ መተርጐሚያ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። የዛሬ ተመልካች በሥዕሉ ላይ ያለውን ማዕድ ሲያይ በቀይ በርበሬ የተሠራ ወጥ ይመስለዋል። ቀይ በርበሬ ግን ዘሩ የአሜሪካ ነው፤ ወደዚህም የዓለም ክፍል የመጣው አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ከተገኘች በኋላ ነው። ክብረ ነገሥት ሲጻፍ የሚታወቀው ሌላው፥ ማለት የቁንዶ በርበሬ ወገን ነበር። ይህ የሠዓሊው ነውር አይደለም፤ የራሱን ዘመን ልብስና ዕቃ ለጥንቱ ሰው ማልበስ የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሁሉ ልማድ ነውና። አዋቂ ሰው ግን ልጆቹን ሲያስተምር ልዩነቱን ሊያስታውስ ይገባዋል።

የሥዕሉ ታላቅ ጉድለት የሚታየው በውሃው ላይ ነው። እጅ ሲዘረጋ ማሳየት ይቻላል፤ እጅ ሲያዝም ማሳየት ይቻላል፤ መሐላን ግን በቀለም ማሳየት አስቸጋሪ ነው። የታሪኩ ልብ ደግሞ መሐላው ነው። ስለዚህ ሠዓሊው የማይችለውን ጽሕፈቱ ሊሞላለት ይገባ ነበር። ሥራው ለገበያ ሲፈጥን ግን ጽሕፈቱ እያጠረ፥ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ሲገለበጥም ቃል እየወደቀ፥ በአንዳንዱም ላይ ጨርሶ እየተተወ ይሄዳል። ያን ጊዜ ምን ይቀራል? በሌሊት ተነሥታ ውሃ የሰረቀች ሴትና የያዛት ባለቤት ብቻ ይቀራሉ። በመጽሐፉ የተከራከረችው፥ የጠየቀችው፥ በመጨረሻም በገዛ ፈቃድዋ መሐላውን የፈታችው ንግሥት በሥዕሉ ላይ ሌባ ትመስላለች። የነገሥታት እናት ተብላ ለምትከበር ሴት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የአንድ መስመር ጽሕፈት መጉደል የሰውን ክብር ያጐድላልና።

በዚህም ላይ ሥዕሉ ከንግሥቲቱ ቀድማ ውሃ የምትጠጣ አንዲት ደንገጥር ይጨምራል። እርስዋም በአፍ ታሪክ ለሰሎሞን ሌላ ልጅ የወለደች ናት ይባላል፤ ክብረ ነገሥት ግን አያውቃትም። የአፍ ታሪክ የራሱ ቦታ ስላለው ሠዓሊው ይህን በመሣሉ አይነቀፍም። ነገር ግን ተመልካቹ ሁሉንም ከአንድ መጽሐፍ የወጣ መስሎት እንዳይሳሳት፥ የመጽሐፉን ከአፍ ታሪኩ ለይቶ የሚነግረው ያስፈልጋል።

ንጉሡስ እንዴት ተሣለ? በኢትዮጵያ ሥዕል ልማድ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፥ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ይሣላል። ሠዓሊዎቹም ሰሎሞንን በማዕዱ ላይ እንኳ በሁለት ዓይን ይሥሉታል። ይህም ፍርድ ነው፤ ተንኰሉን ሳይሸሽጉ ሰውየውን አልኰነኑትም ማለት ነው። እንደ ቅኔ ቢታይ ሰሙ ጨውና ውሃ ነው፤ ወርቁ ግን መንግሥትና ታቦት ነው። ነገር ግን ወርቅ ፈላጊ ሰሙን ሊንቅ አይገባውም፤ ሰም ያልሠራ ባለቅኔ ወርቁን የሚያፈስበት የለውምና። የንግሥቲቱ ጥም እውነተኛ ጥም ካልሆነ ምሥጢሩም እውነተኛ ምሥጢር አይሆንም።

ሆኖም ወርቁ መልካም ስለ ሆነ ሰሙ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሌላ ማዕድ ተሥሎ ይገኛል፤ ይኸውም የአብርሃም ማዕድ ነው። አብርሃም እንግዶቹን ሲቀበል ሣራ ዱቄት ለውሳ ጋገረች፤ እርሱም ለጋ ጥጃ አሳርዶ ቅቤና ወተት አቀረበ፥ እንግዶቹም ሲበሉ በአጠገባቸው ቆመ። አብርሃም ያበላው እንግዳው እንዲጠግብ ነው፤ ሰሎሞን ያበላው እንግዳዋ እንድትጠማ ነው። ሁለቱም ማዕዶች ልጅ አስገኝተዋል፤ የይስሐቅ ልደት ለሣራ የተነገረው በመጀመሪያው ማዕድ ነውና። ያኛው ግን በበረከት፥ ይህኛው በብልሃት ነው። ሁለቱን ሥዕሎች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው አንድ የቤት ሕግ ይማራል፦ እንግዳ በሰው ቤት ሲቀመጥ አፉን ለባለቤቱ አምኖ ይሰጣል፤ ይህን እምነት መብላት ደግሞ እንጀራ ከመንሣት የከፋ ነው። የጓዳ ሞያ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ታማኝነት ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሥዕል ለእንግዳ አገር ሰው የሚሸጥ የገበያ ዕቃ ነውና የሊቅ ምርመራ አያሻውም የሚሉ አሉ። መልሱ አጭር ነው። ሥዕል ሳይሸጥ ሠዓሊ አይበላም፤ መሸጡም ውሸት አያደርገውም። ክብረ ነገሥትን በግዕዝ ያነበበ ጥቂት ነው፤ ሥዕሉን ያየ ግን ብዙ ነው። ብዙው ሰው የሚማርበትን ነገር ንቆ መተው ሕዝቡን ያለ መምህር መተው ነው።

እንግዲህ የሚገባው ሥራ ከባድ አይደለም። ሊቁ ወደ ሠዓሊው ቤት ገብቶ መጽሐፉን ያንብብለት፤ ሠዓሊውም ጽሕፈቱን አይቍረጥ፥ ይልቁንም የመሐላውን ነገር በሁለት መስመር አስፍቶ ይጻፈው። የቤት ጌታም ሥዕሉን በግድግዳው ሲሰቅል መጽሐፉን ከበታቹ ያኑር። የቤት እመቤትም ልጆችዋ ስለ ማድ ቤቱ ሥዕል ሲጠይቁዋት ለመናገር አትፈር፤ በዚያ ክፍል ከሊቁ ይልቅ አዋቂዋ እርስዋ ናትና። እንዲህ ከሆነ ማዕዱ፥ መጽሐፉና ሥዕሉ እያንዳንዳቸው የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ፤ ንግሥቲቱም በመጽሐፉ ያላት ክብር በግድግዳው ላይ ይመለስላታል።