ሰፊው ፊደልና የፊደላችን ቁመት

ከገዳሪፍ በዶካ በኩል ወደ ገላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ ሦስት ዐይነት ጽሕፈት ይገናኛሉ፤ እነርሱም ዐረብኛው፣ ላቲኑና የግዕዙ ፊደል ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠጋው ኡም ራኩባ፣ ከአዲሱ የቱናይድባ መጠለያ ጋር በ2013 ዓ.ም. እንደገና በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀብሏል። መጽሐፍ በማይበቃበት እንዲህ ባለ ስፍራ በሰሌዳና በወረቀት የሚታየው ጥቂት ቃል ለሕፃኑ መጽሐፉ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ጽሕፈት አንድ ዘመናዊ መልክ እናልብሳቸው ለሚሉ ነዳፊዎች የምንለው አለን።

ዘመናዊ የሚባለው መልክ ዋና ምሳሌ ዩሮስታይል የተባለው የላቲን ፊደል ነው። ጣሊያናዊው አልዶ ኖቫሬዜ በቶሪኖ ከተማ በኔቢዮሎ የፊደል ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ1962 አወጣው፤ መነሻውም በ1952 የወጣው፣ ዐቢይ ፊደላት ብቻ የነበሩት ማይክሮግራማ ነው። መሥመሩ እኩል ውፍረት አለው፤ ጫፉ ጌጥ የለውም፤ ክብ መሆን የሚገባው ሁሉ ማዕዘኑ የለዘበ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን መስኮት ይመስላል። ሰፊው ዐይነቱ በተለይ የመሣሪያና የጠፈር ጉዞ ስሜት ይሰጣል።

ውበቱን አንክድም። የላቲን ዐቢይ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አካል ስላላቸው ወደ ጎን ቢለጠጡ አይምታቱም። ዐረብኛም በመሥመር ላይ ተዘርግቶ የሚጻፍ በመሆኑ መሳብን ከጥንት ለምዶታል። ከእኛም ዐ፣ መ እና ሠ ይህን ቅርጽ በደኅና ይቀበላሉ።

ይሁን እንጂ የፊደላችን ልዩነት በአብዛኛው ያለው በቁመት ላይ ነው። ካዕቡ ቡ ጭረቱ ከወገቡ፣ ሣልሱ ቢ ከእግሩ ይወጣል። ራብዑ ባ ቀኝ እግሩ፣ ሳብዑ ቦ ግራ እግሩ ይረዝማል። ፊደሉ ሲሰፋና ሲያጥር ግን ወገብና እግር ይቀራረባሉ፤ ረጅሙና አጭሩ እግርም ለመለየት ያስቸግራሉ። ያን ጊዜ «በላ» የተባለው «ባላ»፣ «ሰማ» የተባለውም «ሳማ» ተብሎ ይነበባል። ማንበብ የለመደ ሰው በዐረፍተ ነገሩ ስሜት ያቃናዋል፤ ገና የሚቆጥር ልጅ ግን ይህ መጠጊያ የለውም።

እንግዲህ የመሥመሩን እኩልነትና የጫፉን ንጽሕና መውሰድ ይቻላል፤ ቁመቱ ግን ለፊደላችን ይቅር። መምህራንም እንዲህ ያለ ፊደል ሲቀርብላቸው ቡ እና ቢን፣ ባ እና ቦን ለየብቻ አሳትመው ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ያስነብቡ። ተማሪዎቹ ከተደናገሩ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ የሚታረመው ፊደሉ ነው።