በጣት የሚናገር ሰሌዳ

ኦቲዝም ኖሮባቸው በአፋቸው መናገር ላልቻሉ ልጆች ከተሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ፣ በሆላንድ ኩባንያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፕሮሎኮ ቱ ጎ ነው። ልጁ በአይፓዱ ላይ ያለውን ሥዕል ሲነካ መሣሪያው ቃሉን ይናገርለታል፤ ሥዕሎቹን አከታትሎ ሲነካ ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

ትልቁ ብልሃቱ ቃላቱ ቦታቸውን አለመልቀቃቸው ነው። እኛ የቤታችንን መብራት በጨለማ ዳብሰን እንደምናበራ ሁሉ፣ የልጁም ጣት መንገዱን ይለምዳል።

ጉድለቱ ቋንቋው ላይ ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሲናገር፣ አማርኛም ሆነ ዕብራይስጥ አያውቅም። የእንጀራ ፎቶግራፍ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ፤ ስሙን የሚጠራው ግን በባዕድ ዜማ ነው። ታዲያ ልጁ አያቱን «ራበኝ» የሚላት በምን ቋንቋ ነው?

በዕብራይስጥ የሚናገሩ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ ለትምህርት ቤት ይጠቅማሉ። ነገር ግን «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል» ብሎ የሚመክራችሁ ቢኖር አትደንግጡ። ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጆችን የቋንቋ እድገት እንደማይጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። ሥዕሉን ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ንኩ፤ መሣሪያው በዕብራይስጥ ያለውን እናንተ በአማርኛ ድገሙለት። መሣሪያው ድምፅ ይሰጠዋል፤ የሚያነጋግረው ግን ሰው ነው።