ስለትና አፎት አብረው ሲያረጁ

የድሮ ጎራዴ ሲያቀብሉዎት ቶሎ አይምዘዙት። ስለት አንዴ ከወጣ ዓይን ይዞ ይቀራል፤ ብዙውን ነገር የሚናገረው ግን አፎቱ ነው።

የሀገራችን ሰው ሰይፉን ይታጠቅ የነበረው በቀኝ ወገቡ ነው። ከልብሱ ጋር ሲፋተግ የኖረው የአፎቱ ፊት ቆዳው ሳስቶ ይለሰልሳል፤ ወደ ውጭ የሚታየው ደግሞ ጌጡን እንደያዘ ያረጃል። ሁለቱም ፊት እኩል ከተላጠ፣ ያስረጀው ዘመን ሳይሆን የብርጭቆ ወረቀት ነው ብለው ይጠርጥሩ። ብር ካለበትም አይናቁት። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) በመናገሻቸው አንኮበር በብር ያጌጠ ሰይፍ የሹመት ምልክት ነበር።

ቀጥሎ እጀታው። የአውራሪስ ቀንድ ነው ካሉዎት ወደ ብርሃን ያስጠጉት። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ ድፍን ነው፤ እንደ ታጨቀ ፀጉር ቀጫጭን ጭረት ይታይበታል፣ ሳሳ ያለው ጠርዙም ብርሃን ሲያልፍበት ማር ይመስላል። የበሬ ቀንድ ግን ንብርብር ነው፤ ከጫፉ በቀር ውስጡ ክፍት ነው። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ቅርስም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። እንዲህ ያለው ጎራዴ እዚሁ ተጠብቆ የሚቆይ ነው።

በእጀታው ጫፍ ጠገራ ብር ተለጥፎ፣ 1780 የሚል ዓመት ካነበቡ ደግሞ አይቸኩሉ። ጠገራው፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ይታተም ነበር። ሻጩ በዚያ ቁጥር ዕድሜ ቢቆጥርልዎት፣ ስለ ብሩም ስለ ሰይፉም አያውቅም።

አሁን ይምዘዙት። እንደ ማጭድ አብዝቶ ጎብጦ በሁለቱም ወገን ከተሳለ ሾተል ነው፤ የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ የተበጀ። ጉብጠቱ ለዘብ ካለ ጎራዴ ነው። በጎራዴው ላይ የጀርመን ከተማ የሶሊንገን ምልክት ቢያገኙ አይዘኑ። ብዙ ስለት ከአውሮፓ እየመጣ፣ እጀታውንና አፎቱን የሀገር ባለ እጅ ይሠራለት ነበር። እንዲህ መጋባቱ ጉድለት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጎራዴ ወግ ነው።

ጽሑፍም ያንብቡ። ስለቱ ላይ ምኒልክን «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ካለ፣ ከ1882 ዓ.ም. ንግሥ በፊት መቀረጹ ያጠራጥራል፤ ከዚያ በፊት የሸዋ ንጉሥ ነበሩና። «አያቴ ምኒልክ አንኮበር ሳሉ የታጠቀው ነው» የሚል ታሪክ አብሮ ከቀረበ፣ ታሪኩና ጽሑፉ መስማማታቸውን ይመርምሩ።

በመጨረሻ ስለቱን መልሰው ይክተቱት። አፎት በስለቱ ልክ ይሰፋል፤ ጉብጠቱንም ይከተላል። ከሌላ ሰይፍ የተወሰደ አፎት ወይ ስለቱን ያንገጫግጨዋል፣ ወይ እጀታው ሳይደርስ ይገታል። ስለቱ ከሶሊንገን፣ ቀንዱ ከቆላ፣ ቆዳው ከደጋ ቢመጣም፣ ሳይንገጫገጭ እስከ እጀታው ከገባ አንድ ወገብ ላይ አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ዋጋ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።