የኔትወርክ ካርዱ የተሰወረ ችሎታ
አር.ዲ.ኤም.ኤ. የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም አንድ ኮምፒውተር የሌላውን ሚሞሪ የባለቤቱን ፕሮሰሰር ሳያስቸግር በኔትወርክ ካርድ በኩል በቀጥታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት አሠራር፣ ፍጥነቱ በማይክሮሰከንድ የሚለካ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ እንደ ታዛዥ ተላላኪ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሬድኤን የተባለ ምርምር ግን የዚህ ዘዴ ጥቂት ትእዛዞች ራሳቸው፣ በካርዱ አካል ላይ ምንም ሳይጨመር፣ ማንኛውንም ስሌት ለመግለጽ እንደሚበቁ አረጋገጠ።

ብልሃቱ እጅግ ውብ ነው። በካርዱ ወረፋ የያዙት ትእዛዞች ራሳቸው በሚሞሪ ውስጥ የተጻፉ በመሆናቸው፣ አንዱ ሌላውን ተራው ሳይደርስ ሊለውጠው ይችላል፤ ሁለት ዋጋዎችን አነጻጽሮ እኩል ሲሆኑ ብቻ የሚተካው ትእዛዝ፣ ሥራ አልባ ሆኖ የተቀመጠውን ተከታዩን ወደ መጻፊያ ትእዛዝ ሲቀይረው፣ ፕሮግራመሮች «ከሆነ» ብለው የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ ያለ ፕሮሰሰር እርዳታ ተፈጸመ ማለት ነው። ወረፋው ራሱን እንዲደግም ሲደረግ ደግሞ ዑደት ይገኛል። በዚህ መንገድ ከሩቅ የመጣ ጥያቄ በአንድ ምልልስ ብቻ መረጃውን ፈልጎ ያገኛል፤ እንዲያውም የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በድንገት ቢወድቅ እንኳ ካርዱ መልስ መስጠቱን አያቋርጥም።