«ዳግም» እና «እንደገና»፦ ያገለገለ ስልክ ለወላጅ ሲሰናዳ የሚፈተን አማርኛ

የአንድ ሙያዊ ቃል ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው? በመዝገበ ቃላት ሥራ የቆየው ልማዳችን ሦስት መመዘኛዎች አሉት። እነርሱም የቃሉ ሥር ከግእዝ ወይም ከአማርኛ መገኘቱ፣ ርባታው የቋንቋውን ሕግ መከተሉ፣ ለባዕዱ ቃል ፍቺም በቂ አቻ መሆኑ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ አራተኛ መመዘኛ እንዲጨመር ይሟገታል፤ ይኸውም አንባቢው ቃሉን አምኖ አንድ ድርጊት ሲፈጽም የሚደርስበት ውጤት ነው። ለምርመራው የቀረበው ጽሑፍ መጽሐፍ አይደለም፤ በአንድሮይድ ሥርዐት በሚሠሩ የእጅ ስልኮች ማያ ገጽ ላይ የሚነበበው አማርኛ ነው። መፈተኛውም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ አንድ ሥራ ነው፤ ልጅ ያገለገለ ስልክ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሲያሰናዳ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች።

መፈተኛው ያለምክንያት አልተመረጠም። ስልኩ አዲስ አበባ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ወይም ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ በመንገደኛ እጅ የተላከ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ወላጅ ብዙ ጊዜ አማርኛ አሳምሮ ያነባል፤ ምናልባትም በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ይሆናል። እንዲህ ያለው አንባቢ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ገጽ ሳይገባው ቢቀር ጉድለቱ የእሱ ነው ለማለት አይቻልም። ልጁም የአማርኛው ገጽ ለራሱ ስለማይገባው ስልኩን በእንግሊዝኛ እንዳለ ይተወውና ወላጁ የምልክቶቹን ቦታ በቃል እንዲያጠና ያደርጋል። በዚህም ማንበብ የሚችል ሰው ማንበብ እንደማይችል ተቆጥሮ ይቀራል።

ወደ ነቀፌታው ከመግባታችን በፊት ለተርጓሚዎቹ የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። የስልክ ገጽ ተርጓሚ የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ ተያያዥ ጽሑፍ ሳይሆን የተነጣጠሉ ቃላትና ሐረጎች ዝርዝር ነው፤ ቃሉ በየትኛው ገጽ ላይ፣ ከየትኛው ቃል ጎን እንደሚቆም ላያይ ይችላል። ቦታውም ጠባብ ነው። ከዚህም ጋር የቃላቱ አመራረጥ እንደ ስልኩ ሠሪና እንደ እትሙ ሊለያይ ስለሚችል፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ምሳሌዎች በሁሉም ስልክ ላይ በአንድ ዐይነት ይገኛሉ ማለት አይደለም።

1. የተሳካላቸው ቃላት

«የይለፍ ቃል» የሚለውን ስያሜ ከተሳካላቸው መካከል ማስቀደም ይገባል። «ይለፍ» በኬላ የሚጠየቀውን የይለፍ ወረቀት ላየ ትውልድ እንግዳ አይደለም፤ ቃሉ በር ላይ የቆመ ጠባቂን ያስታውሳል፤ ፍቺውም ይኸው ነው። «ማሳወቂያ»ም ሥራውን ራሱ ይናገራል። «ማያ ገጽ» ከ«አየ» በመሣሪያ ስም ርባታ የወጣ በመሆኑ፣ ሕዝቡ «ስክሪን» ማለቱን ባይተውም፣ ያነበበው ሁሉ ይረዳዋል።

እነዚህ ቃላት የተሳካላቸው ከግእዝ በመቅረባቸው ወይም ከእንግሊዝኛ በመራቃቸው አይደለም። አንባቢው አስቀድሞ የያዘውን ዕውቀት መነሻ ስላደረጉ ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ የእጅ ስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ሽቦው ቀረ፣ ስሙ ግን ጸና። የቃል ዕድሜ ከሥሩ ይልቅ በተናጋሪው ልማድ ላይ እንደሚመሠረት ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያሻም።

2. አንድ ፍቺ፣ ሁለት ድርጊት

ወደ ዋናው ነቀፌታ እንምጣ። ያገለገለ ስልክ ሲሰናዳ የመጀመሪያው ሥራ የቀድሞውን ባለቤት ንብረት ሁሉ፣ ፎቶግራፉንም መልእክቱንም፣ ደምስሶ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ነው። ይህ ድርጊት በአማርኛው ገጽ «ዳግም ማስጀመር»፣ ሲብራራም «የፋብሪካ ዳግም ማስጀመር» ተብሏል። ስልኩን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ደግሞ «እንደገና ማስጀመር» ተብሏል።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። «ዳግም» እና «እንደገና» በአማርኛ አንድ ፍቺ አላቸው፤ ልዩነታቸው የመጀመሪያው የግእዝ መዓዛ ያለው፣ ሁለተኛው የዕለት ተዕለት መሆኑ ብቻ ነው። የሁለቱ ድርጊቶች ልዩነት ግን የትየለሌ ነው። በአንደኛው ስልኩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለውን ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ በሌላኛው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ግሶች ሲጠቀም፣ አማርኛው አንዱን ግስ ይዞ መለያውን በሁለት ተመሳሳይ ተውሳከ ግሶች ላይ ጥሎታል።

ውጤቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያገለገለ ስልክ ከጊዜ በኋላ ይዘገያል። ልጅ ከሩቅ አገር ደውሎ «እማዬ፣ አጥፍተሽ እንደገና አስጀምሪው» ይላል። እናት ምክሩን ተከትላ ብትፈልግ «ዳግም አስጀምር» የሚለውን ታገኛለች፤ ቃሉ ልጇ ከተናገረው ጋር በፍቺ አንድ ነው። እርግጥ ስልኩ ከመደምሰሱ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የማረጋገጫው ጥያቄ በዚያው ቃል ከተጻፈ የሚጨምረው ብርሃን የለም። የሚጠፋው በሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ከሆነ የሟች ባሏ ፎቶግራፍ ወይም የልጅ ልጇ ድምፅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ኪሳራ በማስተዋል ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ሁለት ተመሳሳይ ቃላትን ለሁለት ተቃራኒ ድርጊቶች ያደለ ስያሜ ያመጣው ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚያቀርበው ምትክ ቀላል ነው። ለመጀመሪያው ድርጊት «ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ ማድረግ»፣ ለሁለተኛው «አጥፍቶ ማብራት» ይባል። ሐረጉ ረዘመ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይነካ ቁልፍ አጭር ስም ያስፈልገዋል የሚያሰኝ ምክንያት አይታይም። አደገኛ ድርጊት ረዥም ስም ቢኖረው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

3. «አጥፋ»፣ «ሰርዝ»፣ «ይቅር»

ተመሳሳይ ድንግርግር በሦስት የተለመዱ ትእዛዞች ላይም ይታያል። «ኃይል አጥፋ» ሲል ስልኩን ዝጋ ማለቱ ነው፤ «ሁሉንም ውሂብ አጥፋ» ሲል ግን ንብረትህን ደምስስ ማለቱ ነው። መብራት የጠፋበት ቤት መልሶ ይበራል፤ የጠፋ ፎቶግራፍ ግን አይመለስም። አማርኛ ለሁለተኛው ፍቺ «ደመሰሰ» የሚል የማያሻማ ግስ ስላለው «አጥፋ»ን ለመብራትና ለኃይል መተው ይቻላል።

«ሰርዝ» እና «ይቅር» በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በገጹ ልማድ «ሰርዝ» ፋይልን ማስወገድ፣ «ይቅር» ሐሳብን መለወጥ ነው። በጋዜጣና በጽሕፈት ቤት አማርኛ ግን ስብሰባ፣ ውልና ትእዛዝ «ተሰረዘ» የሚባለው ሐሳቡ ሲቀር ነው። እንግዲህ የጀመረውን ሊተው የፈለገ አንባቢ በቋንቋው ልማድ ተመርቶ የሚነካው ቁልፍ «ሰርዝ» የሚለው ነው፤ ያን ጊዜም ሊያተርፈው የፈለገውን ያጣል።

4. ቁልፉ ማንን ያናግራል?

ከዚህ በታች ያለው ነጥብ ከሥነ ቃል አልፎ ወደ ሰዋስው ይገባል። በእንግሊዝኛ የትእዛዝ አንቀጽና የግሱ መነሻ ቅርጽ አንድ ስለሆኑ፣ ቁልፍ ላይ የተጻፈ ግስ ማን ማንን እንደሚያዝ አይናገርም። አማርኛ ግን መደቡን፣ ጾታውንና አክብሮቱን ሳይገልጽ ማዘዝ አይችልም። በዚህም የተነሣ በገጹ ላይ ሁለት ድምፅ ይሰማል፦ ማብራሪያው «ያስገቡ»፣ «ይንኩ» እያለ በአክብሮት ሲናገር፣ ቁልፉ «ዝለል»፣ «አስቀምጥ»፣ «አትረብሽ» እያለ አንድን ወንድ ያዝዛል።

ቁልፉ ተጠቃሚው ለስልኩ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። በንድፈ ሐሳብ ያስኬዳል፤ አንባቢው ግን የሚያነበው እንዲህ አይደለም። «አትረብሽ» የሚል ቃል በድንገት ያዩ አዛውንት ተገሠጽኩ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

መፍትሔው ከሕዝቡ ዘንድ ይገኛል። ኤሌክትሪክ ወደ ቤታችን ሲገባ በግድግዳ ላይ ለተተከለው ቁልፍ «ማብሪያና ማጥፊያ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። የመሣሪያ ስም ጾታ የለውም፤ አንቱታም አይጠይቅም፤ አንባቢውንም አያዝም። በዚሁ ርባታ «ማስቀመጫ»፣ «መደምሰሻ»፣ «ማለፊያ»፣ «መተዊያ» ማለት ይቻላል። ቋንቋው በሰጠው በር መግባት እያለ ባዕድ አንቀጽ ቃል በቃል ማምጣት አያስፈልግም ነበር።

5. መለያ፣ ጥለት፣ ፊደል

ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ፣ ይኸውም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በሥርዐቱ ውስጥ የገባ የስርቆት መከላከያ አለ። መከላከያው በሚሠራባቸው ስልኮች ላይ፣ የቀድሞው ባለቤት መለያውን ሳያነሣ ስልኩ ከገጹ ውጭ በጎን ቁልፎቹ በኩል ከተደመሰሰ፣ ሲከፈት ያንኑ መለያ ወይም የቀድሞውን መቆለፊያ ይጠይቃል፤ ካላገኘም አያሳልፍም። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ ገዢ ሻጩ ፊት ለፊት ቆሞ መለያውን እንዲያነሣለት መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ጥንቃቄ የሚወስነው «መለያ» የሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ ግን በገበያ ውስጥ የሚታወቀው በ«መለያ ቁጥር» ነው፤ ይኸውም ስልኩ ራሱ የሚታወቅበት 15 አሃዝ ነው። «መለያ ያስገቡ» የተባለ ሰው ይህን ቁጥር ከሣጥኑ ላይ ቢፈልግ አልተሳሳተም። «የባለቤት መለያ» ቢባል ብዥታው በአንድ ቃል ይጠራ ነበር።

ተርጓሚው ብዙ የደከመባቸው፣ በጥቂት ድካም የተሻለ ሊገኝላቸው ይችሉ የነበሩ ቃላትም አሉ። ዘጠኝ ነጥቦችን በመስመር በማገናኘት የሚከፈተው መቆለፊያ «ስርዓተ ጥለት» ተብሏል። የነጠላና የቀሚስ ጥለት ለእናቶቻችን የታወቀ ነው፤ «ጥለት» ብቻውን በቂ ሲሆን «ስርዓተ» ተጨምሮበት ከቤታቸው አስወጣው። ዐይናቸው ለደከመ ወላጆች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ማስተካከያ በቆዩት እትሞች «የቅርጸ-ቁምፊ መጠን» ይባላል፤ «የፊደል መጠን» የማይገባው የአማርኛ አንባቢ አለ ለማለት ያዳግታል። «ሁነታ» ከ«ሁኔታ» የሚለየው በአንድ አናባቢ ብቻ ስለሆነ የፊደል ግድፈት ይመስላል። «ቅንብር»ም በሕዝቡ ዘንድ የሙዚቃ ቅንብር ነው፤ ልጁን «አስተካክልልኝ» የሚል ወላጅ «ማስተካከያ» የሚለውን ቃል ሳይነገረው ያገኘው ነበር።

6. «ውሂብ» እና «ዳታ»

«ውሂብ» በብልሃት የተፈጠረ ቃል ነው። የላቲኑ መነሻ «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ ፈጣሪው ወደ ግእዙ «ወሀበ» ሄዷል። በጥብቅ ሰዋስው ካየነው «የተሰጠ» የሚለውን ፍቺ የሚይዘው «ውሁብ» ነው፤ «ውሂብ» መስጠት የሚል ንዑስ አንቀጽ ነው። ይህ ግን ጥቃቅን ነቀፌታ ነው። የሚከብደው ሕዝቡ «ዳታ አብሪ»፣ «ዳታዬ አለቀ» እያለ ቃሉን ለኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ መስጠቱ ነው። በስልክ የሚረዳው ልጅ «ዳታውን አብሪው» ሲል እናት የምታነበው «ውሂብ» ነው። የሚሰማውና የሚነበበው ካልተገናኙ እርዳታ አይኖርም።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተስፋፉት እንደ «ርዕዮተ ዓለም» እና «ወዛደር» ያሉ ቃላት አዲስ ነበሩ፤ ነገር ግን በራዲዮ፣ በጋዜጣና በውይይት መድረክ ቀን ከሌት ተብራርተዋል። የስልክ ቁልፍ አብራሪ የለውም፤ ራሱን ማብራራት አለበት። ስለዚህ ለኢንተርኔቱ «ዳታ» ቢጻፍ፣ በስልኩ ውስጥ ላለው ንብረት ደግሞ «ፎቶዎች፣ መልእክቶችና ስልክ ቁጥሮች» ተብሎ በዝርዝር ቢነገር ይሻላል። ሁሉን እንዋስ ማለታችን አይደለም፤ «ሪሴት»ም ለወላጅ ከ«ዳግም ማስጀመር» አይሻልም።

7. ማጠቃለያ

የቀረበው አራተኛ መመዘኛ በተግባር ሦስት ጥያቄዎችን ይወልዳል። ቃሉ ከጎኑ ከሚቆመው ቃል በፍቺ ይለያልን? በስልክ ሲነገር የሰማው ሰው በገጹ ላይ ያገኘዋልን? የማይመለስ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ጉዳቱን በስሙ ይናገራልን? እነዚህን ያላለፈ ቃል ሥሩ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን ወደ ገጹ መግባት የለበትም።

ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የመጽሐፍ ግድፈት በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ያገለገለ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ እትም መቀበል ያቆመ ስለሆነ፣ በውስጡ የገባው ቃል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ሳይታረም ይኖራል። ዛሬ የምናርመው ቃል የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ስልኩን ከልጁ ለሚቀበል ወላጅ ነው። የትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ባልንጀሮቻችን እርማቱን ቢጀምሩ ከ«ዳግም» እና «እንደገና» እንዲጀምሩ ይህ ጸሐፊ ያሳስባል፤ ሌሎቹ ቃላት ወላጅን ያደናግራሉ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ያለውን ያሳጡታል።