ካለመጠየቅ የሚቀር ደጃዝማችነት

ባለፈው ሳምንት «ወላጅ» ሆኜ ዋልኩ። የእህቴ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። አባቱ ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቃጭ ነው፤ መዶሻውን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ሥራ ፈቱ እኔ ተላክሁ። (ጋዜጣ ላይ መጻፍ በእኛ ሰፈር ሥራ አይባልም!)

መንገድ ላይ «ምን አጥፍተህ ነው?» አልኩት።

«ጥያቄ ጠይቄ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥያቄ ብቻ?»

«ሦስቴ ጠየቅኋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ነው። የሳይንስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ባትሪና አምፖል በሽቦ አገናኝተው ሳሉ። ይሄ እጁን አወጣና «ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለምንድነው የሚነሳው?» አለ። «ከርዕሱ አትውጣ» ተባለ። ደገመ። ሠለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁም ወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልጅነቴ የሬዲዮናችንን ድንጋይ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ። «ለምን?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የልጁ ጥያቄ ከርዕሱ መውጣት ሳይሆን ርዕሱ ውስጥ ዘሎ መግባት ነበር።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ወጣት ናቸው፤ ድካም ያለበት ፊት ነው ያላቸው። «ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ ያለችኝ አርባ ደቂቃ ናት፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት። በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አለባቸው። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ልስጥ ብል የት እደርሳለሁ?» አሉኝ።

በመስኮት በኩል ጨርቅ የለበሱ ኮምፒዩተሮች አየሁ። «እነሱስ?» አልኩ።

«ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። አንዱ ቢበላሽ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው።»

ይታያችሁ! በዚያ ግቢ ውስጥ መጠየቅ የሚያውቀው ንብረት ክፍል ብቻ ነው።

ስንለያይ መምህሩ ፈገግ ብለው «እኛም እኮ የፕላዝማ ልጆች ነን፤ መጠየቅ የት ተማርንና?» አሉኝ። ይቺ አባባል እስከ ቤቴ ተከተለችኝ።

ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይወርድ ጀመር። መምህሩ ለመግቢያና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይዞ ከጎን ቆመ። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንም አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ፤ ሳተላይት ማንን ይጠብቃል? ጥቅም አልነበረውም አልልም። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ሙከራ ሲሠራ በዓይኑ አየ። ግን ያው ድሮ የምናውቀው «ስማና ገልብጥ» ነበር፤ ቋንቋውና ሣጥኑ ተለወጠ እንጂ። ሣጥኑ ጆሮ አልነበረውም።

የተገላቢጦሹም ተሞክሯል። በ2004 ዓ.ም. «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀመጠ። አስተማሪ የለ፣ መመሪያ የለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገረው፣ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የፈጀበት አራት ደቂቃ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት!

ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲህ መምህር ምን ያደርጋል?» ማለት ጀመረ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ምክንያቴ ደግሞ ምናለሽ ተራ ነው።

ምናለሽ ተራ የጣልነው ሁሉ የሚነሳበት ቦታ ነው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ከትምህርት መልስ እዚያ ይውላል፤ ይነካል፣ ይሰብራል፣ ይጠግናል። ግን «ለምን?» ሲል አባቱም «ይኸው ይሠራል አይደል፣ ምን አስጨነቀህ!» ይለዋል። መርካቶ «እንዴት»ን ጥርግ አድርጎ ያውቃል፤ «ለምን» ግን ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ እሱም ተቆልፎበት። መንደሩ ውስጥ ማብሪያውን ያገኘው ልጅም ያገኘው «እንዴት»ን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው መምህር ይባላል።

ቅዳሜ ዕለት ከአንድ ባትሪ የወጡ ያለቁ ድንጋዮች ይዘን ተቀመጥን። ሁለቱን ፀሐይ ላይ፣ ሌሎቹን ሁለት ጥላ ውስጥ አደረግን። ከሰዓታት በኋላ የተሰጡት አምፖሉን ደህና አድርገው አበሩት፤ ጥቂት ቆይተው እነሱም ደከሙ። ከዚያ በሞባይሌ ምክንያቱን ፈለግን። ሙቀቱ ድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ያፈጥነዋል እንጂ አዲስ ጉልበት አይሞላውም። ልጁ ዝም ብሎ አሰበና «ታዲያ ሲቀዘቅዝ ያው ወደ ድካሙ ይመለሳል ማለት ነው? ሰኞ ብርድ ላይ አሳድረን እንየው» አለ።

ወገኖቼ፣ ትምህርት ማለት ይቺ «እንየው» ናት። ሞባይሉ የገባው ከጥያቄውና ከሙከራው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ ልጁ መልሱን ገልብጦ ይረሳው ነበር።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ልጆች ሲማሩበት ለተበላሸ ኮምፒዩተር መምህሩን ከኪሱ አታስከፍሉት፤ ተቆልፎ የሚያረጀውም ያው ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለተማሪ ጥያቄ ብቻ ይተውላቸው፤ መጽሐፉ በአንድ ምዕራፍ ቢጎድል አገር አይፈርስም።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ ነበር አባቶቻችን። የእህቴ ልጅ ሰኞ ድንጋዮቹን ኪሱ ከትቶ ትምህርት ቤት ሄደ። ማታ «ጠየቅህ?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፤ እንደገና ወላጅ አምጣ እንዳልባል ፈራሁ» አለኝ።