ጥፋቱ የፎቶው ነው ወይስ የስክሪኑ?

ከነአኩቶ ለአብ የተነሳ ፎቶ ኤዲተርን ያምታታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ በተፈጥሮ ዋሻ ሥር የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣሪያ በጋ ከክረምት ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታውን የሚቀበሉት ድንጋዮች በዘመን ብዛት ጎድጉደዋል፤ የሚጠራቀመውም ውሃ ጸበል ነው። የዋሻው አፍ በላስታ ፀሐይ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ካሜራ ሁለቱን እኩል አይይዝም። ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ታዲያ ጥላው እርከን እርከን ይሠራል፣ ብርሃኑ ባዶ ይሆናል፣ በመሃል ነጫጭ ነጥቦች ተበትነው ይታያሉ። ይህ ሁሉ የፎቶው ጠባይ ሊሆን ይችላል። የካሜራው፣ የግራፊክስ ካርዱ ወይም ያረጀው ስክሪንም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ኤዲተር እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እጁ ቶሎ ወደ ፎቶው ይሄዳል፤ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ቀለም ይቀይራል። እኔ ጥፋተኛው እስኪለይ ድረስ ፎቶውን አልነካም። የሌለ ጥፋት ሲታረም እውነተኛ ጥፋት ይሆናልና።

ነጥቦቹን እንውሰድ። መጀመሪያ ፎቶውን አጉልቼ በማውስ ወደ ጎን እጎትተዋለሁ። ነጥቡ ከፎቶው ጋር ከሄደ ነገሩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ፎቶው ሲሄድ ነጥቡ ባለበት ከቀረ ስክሪኑ ነው። በጎተትኩት ቁጥር ቅርጹን እየለዋወጠ፣ አራት ማዕዘን ጥቁር ቁራጭ እየሆነ ብልጭ ድርግም ካለ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ድራይቨሩን እጠረጥራለሁ። ቀጥሎ ስክሪንሾት አንስቼ በስልኬ አየዋለሁ። ብልሽቱ ስክሪንሾቱም ላይ ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ አበላሽቶ ስሎታል፤ ስክሪንሾቱ ንጹሕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከስክሪኑ ነው። ይህን ለማወቅ ገንዘብም ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ነገሩ ፋይሉ ውስጥ ሆኖ ቢገኝም ምርመራው አላለቀም። ወዲያው የተነሳውን ቀጣዩን ፎቶ እከፍታለሁ። የውሃ ጠብታ በሁለት ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ አይገኝም። በሁለቱም ላይ ቦታውን ሳይለቅ የተቀመጠ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ግን፣ ካሜራው በጨለማ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ የሚያወጣው ሆት ፒክስል ነው። ሆት ፒክስሉን አጠፋለሁ፣ ጠብታውን እተዋለሁ። ጠብታውን አቧራ ነው ብሎ በሂሊንግ ብራሽ ጠርጎ የሚያስረክብ ኤዲተር፣ ሶፍትዌሩን ያውቅ ይሆናል እንጂ ነአኩቶ ለአብን አያውቅም።

የገና ሰሞን ጭንቀቱ ሌላ ነው። ታኅሣሥ 29 በላሊበላው ቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያሸበሽቡ ግቢው ነጭ በነጭ ይሆናል። አንድ ዲያቆን ፎቶውን ሊያይ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ «ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው ጥምጣማችን ቢጫ የሆነው?» አለኝ። ያንኑ ፋይል በዊንዶውስ የፎቶ ማሳያ ፕሮግራም ስከፍተው ጥምጣሙ ነጭ ነው። አንድ ፋይል ፎቶሾፕ ላይ ቢጫ፣ ሌላ ማሳያ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ የሞኒተሩ ፕሮፋይል መበላሸቱን ጠርጥሩ። ፎቶሾፕ ያንን ፕሮፋይል አንብቦ ቀለሙን ያስተካክላል፤ ቀላል ማሳያዎች ግን ብዙ ጊዜ አያነቡትም። ስለዚህ ፕሮፋይሉ ሲበላሽ ጠንቃቃው ፕሮግራም ይሳሳታል፣ ግዴለሹ ይድናል። ከዊንዶውስ ከለር ማኔጅመንት ውስጥ የተበላሸውን አውጥቶ፣ ማይክሮሶፍትና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡትን ኤስአርጂቢን መተካት ለጊዜው ይበቃል፤ ዘላቂው መፍትሔ በመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬት ማድረግ ነው። በሁሉም ፕሮግራም ላይ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ‹ናይት ላይት› በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ለዚህች ነገር ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው አውቃለሁ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ካሜራው ወይም ኤዲተሩ በአዶቢ አርጂቢ ያስቀመጠው ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ ያማረ ይሆንና፣ ፕሮፋይል በማያነብ መተግበሪያ ሲታይ የካህናቱ ጥላና ካባ ቀይ ይሞታል። ለስልክና ለኢንተርኔት የሚሄድን ሁሉ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይሮ መላክ ነው።

ፎቶሾፕ በግራፊክስ ካርድ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በሲኤስ4 ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ሲከፈት ሙሉ ጥቁር ወይም ሙሉ ነጭ ከሆነ፣ ብራሹ ከማውሱ ኋላ ከቀረ፣ ዙም ሲደረግ ፕሮግራሙ ከተዘጋ፣ መጀመሪያ የማደርገው ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብቼ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ‹ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር›ን ማጥፋት ነው። ችግሩ ከቆመ ጥፋተኛው ታወቀ። ይህ ግን መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ አጥፍቶ መኖር ፕሮግራሙን ግማሽ ማድረግ ነው። ድራይቨሩን ከአምራቹ አውርዶ እንደ አዲስ መጫን ይገባል። ሁለት ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ፎቶሾፕ ደካማውን ይዞ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ጠንካራውን እንዲይዝ ማዘዝ ነው። ዝም ብሎ ለሚዘጋ ፕሮግራም ዊንዶውስ ራሱ ማስታወሻ ይይዛል፤ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ የወደቀው ፋይል ስም ተጽፏል። ስሙ በላቲን ፊደል በኤን ቪ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ የኤንቪዲያ፣ በአይ ጂ ከጀመረ የኢንቴል ድራይቨር ነው። ይህን ሳያነቡ ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ የልማድ በሽታችን ነው።

የላሊበላ ደንበኛ ከሁሉ አብዝቶ የሚጠይቀኝ ምሰሶ ማጥፋት ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ በ2000 ዓ.ም ገደማ የተተከለው መጠለያ ብረቱ በየፎቶው ይገባል። እኔ ምሰሶው የዘመኑ ታሪክ ነው ባይ ነኝ፤ ከፋዩ ግን ደንበኛው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከሲኤስ5 ጋር የመጣው ኮንተንት አዌር ፊል ምሰሶውን ጠርጎ አለት ይሞላበታል። ኮምፒውተሩ የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት እያንዳንዱ ሙሉ ሌየር 144 ሜጋባይት ይወስዳል። 10 ሌየር ሲደረብ 1.4 ጊጋባይት አለፈ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጠው ሂስትሪ ገና ሳይቆጠር። ራሙ ሲሞላ ፎቶሾፕ ወደ ስክራች ዲስክ ይሸሻል፤ ሲ ድራይቭ በፊልምና በሙዚቃ ታጭቆ ከሆነ መሸሻ ያጣል፣ ሃንግ ያደርጋል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው ራም ከመግዛቱ በፊት ዲስኩን ያጽዳ፤ ስክራቹን ባዶ ወደሆነ ኤስኤስዲ ያዙር። የአቧራውንም ነገር አትርሱ፤ ማራገቢያው የታፈነ ላፕቶፕ ከሠራ በኋላ ሲግል ይጠፋል እንጂ ገና ሲከፈት አይጠፋም። በሙቀት ይሁን በሌላ ምክንያት የጠፋው በሰዓት መለየት ይቻላል።

የመብራት ችግር ለሁላችንም የታወቀ ነው። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላ ለወራት ያለ መብራት ስትቆይ፣ በጄኔሬተር የሠራ ሁሉ የቮልቴጅ መዋዠቅ ምን እንደሚያደርግ አይቷል። ፎቶሾፕ ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እኔ ወደ 5 አውርጄዋለሁ። ፍላሽ ላይ በቀጥታ ሴቭ ማድረግ ግን ክልክል ነው። በውስጥ ዲስክ አስቀምጦ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ከዚያ መገልበጥ።

ስለ ክራክ ሶፍትዌር መስበክ አልፈልግም፤ አዶቢ በወር ክፍያ የሚጠይቀው በዶላር መሆኑን፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የዶላር ካርድ እንደሌለን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ክራኩ አፕዴት ስለሚዘጋ የታወቀ ብልሽት ሳይታረም አብሮን ይኖራል። ጊምፕና ዳርክቴብል በነፃ ይገኛሉ፤ ለአብዛኛው የስቱዲዮ ሥራ ይበቃሉ።

ጽሑፍም እንደ ፎቶ ያምታታል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ የሠርግ ባነር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ጽሑፉ ወደ ምስል የተቀየረበትን አንድ ቅጂ ማስቀረት ከዚህ ያድናል።

ከሠርግና ከቱሪስት ፎቶ ይልቅ የሚያሳስበኝ የብራናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለም ላይ የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። ዛሬ በየገዳሙና በየደብሩ ወጣቶች በስልክና በካሜራ ባለቀለም አድርገው ያነሳሉ። በቢጫ ስክሪን የታረመ ብራና ለዘለዓለም የተሳሳተ ቀለም ይዞ ይቀመጣል፤ ተመራማሪ ነገ የሚያየው ያንን ነው።

ስለዚህ በነአኩቶ ለአብም ሆነ በሌላ ደብር ቅርስ የምታነሱ ልጆች፣ ጥሬውን ፋይል አታርሙት፣ አትሰርዙት። ኮምፒውተሩ ቢወድቅ፣ ስክሪኑ ቢጠቁር፣ የካሜራውን ካርድ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ ብዙውን ጊዜ ፎቶው ደህና ነው። አንድ ቅጂም በዲስክ አድርጋችሁ ለደብሩ አስረክቡ።